በከዚራ ያለው የቄብ ዶሮ መሸጫ፦ ከደጁ የሚያስቀረውና የሚያሳልፈው

በድሬዳዋ ከከዚራ ወደ ደቻቱ ወንዝ ሲወረድ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ የሚሠራው የቄብ ዶሮና የመኖ መሸጫ በበሩ ላይ ሰሌዳ የለውም። ሰው የሚለየው ደጁ ላይ በተቀመጡት ሁለት ዕቃዎች ነው፤ አንደኛው የሳሙና ውኃና ጠንካራ ብሩሽ ያለበት ባልዲ ሲሆን፣ ሁለተኛው የበረኪና ውኃ የያዘ ሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ ነው። የሚገባ ሰው ሁሉ፣ ሸማችም ይሁን መኖ የሚያራግፍ ወዛደር፣ በመጀመሪያ የጫማውን ሶል በብሩሽና በሳሙና ያጸዳል፤ ከዚያም ሳፋው ውስጥ ጥቂት ይቆማል። ቅደም ተከተሉ እንዲሁ የመጣ አይደለም። በረኪና ጭቃና ፍግ ላይ ሲፈስ ኃይሉን እዚያው ይጨርሳል፤ ቫይረስን የሚገድለው የጸዳ ነገር ላይ ሲያርፍ ነው። በከተማችን በሌሎች ሁለት የዶሮ መሸጫዎች ደጅም ሳፋ አይቻለሁ። በአንደኛው ውኃው ደርቆ አቧራ ሞልቶበት ነበር፤ በሌላው ብሩሽ ስለሌለ ሰው ከነጭቃው ረግጦ ያልፋል። ስለዚህ ቤት እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይህ ልዩነት ነው።

እኔ ሰቢያን የምኖር፣ በግቢዬ ከ40 የማይበልጡ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች የማረባና እንቁላሉን ለጎረቤትና ለሰፈር ሱቆች የምሸጥ ሴት ነኝ። ከዚህ ቤት ባለፉት ሁለት ዓመታት ሦስት ጊዜ ቄብ ገዝቻለሁ፤ መኖ በየወሩ እወስዳለሁ፤ የክትባት አገልግሎታቸውንም ደጋግሜ ተጠቅሜበታለሁ። ከባለቤቷ ጋር ዝምድናም ሆነ የጥቅም ግንኙነት የለኝም። ዶሮ የሚሸጥ ቤት በዶሮው ላባ ማማር ብቻ ሊመዘን አይገባም፤ ከዶሮው ጋር አብሮ ወደ ግቢያችን ምን እንደሚልክም መታየት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ከዚህ በታች የምጽፈውም በዚሁ ሚዛን ነው።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ከዚህ ቤት ጋር ከመተዋወቄ በፊት፣ ለፋሲካ የሚታረዱ ሁለት ዶሮዎች ከገበያ ገዝቼ ከራሴ ዶሮዎች ጋር በአንድ ግቢ አሳደርኳቸው። አንደኛዋ ላባዋን አንጨፍርራ ጥግ ይዛ ተቀምጣ ነበር፤ የመንገድ ድካም ነው ብዬ አለፍኳት። ሳምንት ሳይሞላ ጣዮቼ መኖ እንቢ አሉ፤ ኩሳቸው አረንጓዴ ውኃ ሆነ፤ የአንዳንዶቹ አንገት ተጠማዝዞ ምንቃራቸው ወደ ሰማይ ቀና። በአምስት ቀን ውስጥ ከ38ቱ 33ቱ አለቁ። ፈንግል ነበር። ጉድጓድ አስቆፍሬ ኖራ እያለበስኩ ስቀብራቸው፣ ከመካከላቸው በዚያው ዕለት ጠዋት እንቁላል ጥላ የሞተች አንዲት ዶሮ ነበረች፤ እንቁላሉ ገና ሞቅ እንዳለ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ከዓይኔ አልጠፋም።

ወደ ቤቱ ልመለስ። በዋናነት የሚሸጡት ከ45 እስከ 60 ቀን የሆናቸውን ቄቦች ነው። ለሥጋም ለእንቁላልም የሚሆነው ሳሶ እና እንቁላል በመጣል የታወቀው ቦቫንስ ብራውን ይገኛሉ። ዋጋቸው በቀፊራ ገበያ ከሚጠየቀው በአንዲት ቄብ ከ20 እስከ 30 ብር ይበልጣል፤ ይህም ብዙ ሰው ገና በር ላይ እንዲመለስ የሚያደርገው ነገር ነው። እኔ ግን ጭማሪውን ያለ ቅሬታ እከፍላለሁ፤ ምክንያቱም ከእያንዳንዱ ሽያጭ ጋር የፈንግልና ጉምቦሮ የሚባለው የጫጩት በሽታ ክትባት የተሰጠበት ቀን በእጅ የተጻፈበት ካርድ ይሰጣሉ፤ ከዚያም በላይ ሸማቹ ቄቦቹን አንድ በአንድ አንሥቶ እንዲያይ ይፈቅዳሉ። ባለቤቷ ራሷ አንዲት ቄብ አንሥታ ዓይኗ የጠራ፣ አፍንጫዋ የደረቀ፣ ከጅራቷ ሥር ያለው ላባ ኩስ ያልተጣበቀበት መሆኑን እያሳየች፣ «እህቴ፣ ይህን ሳታዪ ከማንም አትግዢ፤ ከእኔም ቢሆን» ትላለች። ቄቦቹ በእግራቸው ታስረው ቁልቁል ተንጠልጥለው አይወጡም፤ ጎኑ በተበሳ አዲስ ካርቶን ውስጥ ይገባሉ። የድሬዳዋን ሙቀት የሚያውቅ ሁሉ ይህ ለምን እንደሚጠቅም ይገባዋል።

በሁለተኛው ግዢዬ ከ25 ቄቦች አንዷ ባጃጅ ውስጥ በሙቀት ሞተች። ስደውል ሳያንገራግሩ ሌላ እንደሚተኩልኝ ነገሩኝ፤ ቀጥለውም «የሞተችውን ግን ይዘሽ እንዳትመጪ፤ ፎቶዋን ብቻ ላኪልን» አሉኝ። ብዙ ነጋዴ ማስረጃ ብሎ ሬሳውን ያስመልሳል። እነዚህ ሰዎች ግን የማይታመን ደንበኛ ከሚያመጣባቸው የአንዲት ቄብ ኪሳራ ይልቅ የሞተ ዶሮ ወደ ግቢያቸው መግባቱን ይፈራሉ፤ ፍርሃታቸውም ትክክል ነው።

መኖው ጥሩ ነው። ከረጢቱ ተሰፍቶ ይመጣል፣ ሻጋታ ሸትቶኝ አያውቅም፤ ፉርሽካና ፋጉሎ ለብቻ ገዝቶ መደባለቅ ለሚፈልግም ይሸጣሉ። በዚህ ረገድ ከሌሎች የተለየ ነገር የለውም።

የተለየው የክትባት አገልግሎቱ ነው። የሚሰጠው በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ሲሆን፣ በቀጠሮ ቤት ድረስ ይመጣል። በበሬ ሲገባ አዲስ የፕላስቲክ መሸፈኛ በጫማው ላይ ያጠልቃል፤ ሲወጣ አውልቆ እዚያው እንድናቃጥለው ይሰጠናል። ክትባቱ በቢሾፍቱ ከሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ የሚመጣ ሲሆን፣ እስከ ግቢዬ ድረስ በበረዶ ሣጥን ውስጥ ይቆያል። ዶሮዋን በግራ ብብቱ ሥር ይዞ በአንዱ ዓይኗ ላይ አንዲት ጠብታ ያኖራል፤ ዓይኗን ከድና ጠብታው እስኪሰርግ ድረስም አይለቃትም። ቀደም ሲል ክትባት በባልዲ ውኃ ውስጥ ጨምሮ የሄደ ሰው ገጥሞኝ ስለነበር፣ ይህን ትዕግሥት ሳይ በጣም ደስ አለኝ። በአነጋገሩ የድሬ ልጅ ነው፤ ከእናቱ እኩያ ጋርም «አንቺ» እያለ ነው የሚያወራው፣ እኛም በዚያው አድገናልና አይከብደንም።

አንድ ቀን ሥራውን እንደ ጨረሰ፣ «እንግዲህ ፈንግል ከተከተቡልኝ ስለ ወፍ ጉንፋንም አልሰጋማ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሣጥኑን መልሶ መሬት ላይ አስቀመጠና፣ «እንዲያውም ተቃራኒው ነው» አለኝ። «ሁለቱ የተለያዩ ቫይረሶች ናቸው፤ የአንዱ ክትባት ለሌላው አይሠራም። ሲታዩ ግን ይመሳሰላሉ። ያልተከተበ ዶሮ በድንገት ቢያልቅ ሁሉም ሰው ፈንግል ነው ብሎ ያልፋል። የአንቺ ግን ተከትበዋል፤ ስለዚህ ጭንቅላታቸው አብጦ፣ ኩክኒያቸው ጠቁሮ፣ በአንድ ሌሊት ብዙ ሆነው ከሞቱ ፈንግል ነው ብለሽ ራስሽን አታጽናኚ። አትረጂ፣ አትሽጪ፣ ወደ ደቻቱም አትጣዪ። ግቢውን ዝጊና ለእንስሳት ጤና ክፍል ደውዪ።» ለአገልግሎት ከከፈልኩት ገንዘብ ሁሉ ይበልጥ የጠቀመኝ ይህ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ምክር ነው።

በመሸጫው ግድግዳ ላይ ሐኪሙ በእጁ የሣለው ትልቅ ካርታ አለ። ከአውሮፓና ከሳይቤሪያ ተነሥተው ከመስከረም እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ወደ እኛ የሚወርዱት ወፎች መንገድ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል፤ አንዱ መስመር በቀይ ባሕር ጫፍ በባብ ኤል መንደብ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1987 መጸው በጅቡቲ ጠረፍ የተቀመጡ ቆጣሪዎች በዚያች ጠባብ መሻገሪያ ከ240 ሺህ በላይ አሞራዎችና ንስሮች ሲያልፉ ቆጥረዋል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ከካርታው ሥር ለሸማች የሚታደል አንድ ገጽ ወረቀት አለ፤ በእነዚያ ወራት ዶሮዎች ከመረብ ሥር እንዲውሉ፣ የሚጠጡት ውኃ ወፍ ከሚያርፍበት ኩሬ እንዳይቀዳ፣ ዳክዬና ዶሮ አብረው እንዳይረቡ ይመክራል። ደርቆ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ተመልሶ ውኃ ከያዘ ወዲህ የውኃ ወፎችም ተመልሰዋልና፣ ከሐረርና ከሐረማያ አካባቢ ለሚመጡት ደንበኞች ምክሩ የቅርብ ጉዳይ ነው። መሸጫው ዳክዬ አይሸጥም፤ ምክንያቱን ስጠይቅ ባለቤቷ፣ ዳክዬ ቫይረሱን ተሸክሞ ሳይታመም ሊቆይ እንደሚችልና በአንድ ግቢ ሁለቱን ማቆየት እንደማትደፍር ነገረችኝ።

አንዳንድ ደንበኛ ካርታውን አይቶ፣ ባሕር በሌለበት አገር ስለ ባሕር ወፍ ማውራት ምን ይጠቅማል ሲል ሰምቻለሁ። ለእኔ ግን ጅቡቲ ሩቅ አይደለችም። ድሬዳዋ ራሷ በ1902 የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የመጣው ባቡር እዚህ ሲደርስ ነው፤ ታላቅ እህቴም ከ20 ዓመት በላይ የኖረችው እዚያ ነው። በግንቦት 2006 በጅቡቲ ኤች5ኤን1 የሚባለው የወፍ ጉንፋን በዶሮዎችና በአርታ ወረዳ በምትኖር የሁለት ዓመት ሕፃን ላይ መገኘቱ ሲረጋገጥ፣ በአፍሪካ ቀንድ በሰው ላይ የታየው የመጀመሪያው ነበር። እህቴ በስልክ የነገረችኝን አልረሳውም፤ ጎረቤቶቿ እያለቀሱ ዶሮዎቻቸውን ያስረክቡ እንደነበርና እርሷም ልጇ ግቢ ወጥቶ እንዳይጫወት በሩን ስትቆልፍ እንደ ሰነበተች ነግራኛለች። በዚያው ዓመት በእኛም አገር ጉብሬ በሚገኘው የዶሮ እርባታ ብዙ ዶሮ በመሞቱ ጥርጣሬ ተነሥቶ ነበር። ምርመራው የወፍ ጉንፋን አለመሆኑን ቢያሳይም፣ ወሬው ቀድሞ ስለ ሄደ የዶሮና የእንቁላል ገበያ ወደቀ። በሽታው ሳይገባ ፍርሃቱ ብቻ የድሃን ጓዳ ሊያራቁት እንደሚችል ያየነው ያኔ ነው።

ፍርሃቱም ትክክለኛ ቦታውን ቢይዝ መልካም ነበር። በደንብ የበሰለ ዶሮ ቫይረሱን አያስተላልፍም፤ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይገድለዋል፣ ዶሮ ወጥ ደግሞ ከዚያ በላይ ለረጅም ጊዜ ተንተክትኮ ነው የሚወርደው። አደጋው ያለው ከድስቱ በፊት ነው፤ የታመመችውን ዶሮ ስትታረድ በያዛት፣ በፈላ ውኃ ነክሮ በነጫት፣ 12 ቦታ በገነጠላትና ሆድ ዕቃዋን ባወጣት ሰው ላይ ነው። ያ ሰው በአብዛኛው እናት ወይም የቤት ሠራተኛ ናት፤ ዙሪያዋን ደግሞ ልጆች አሉ። የመሸጫው ወረቀት ይህን በአንድ መስመር ብቻ ነክቶ ያልፋል፤ እኔ ብሆን በትልቁ ነበር የምጽፈው።

ወረቀቱ የሚያስቀረው ሌላም ነገር አለ። አንባቢው የዱር ወፎችን እንደ ወንጀለኛ አድርጎ እንዲያስባቸው ይገፋፋል። ታሪኩ ግን ከዚያ የተለየ ነው። ዛሬ ዓለምን የሚያስጨንቀው የኤች5ኤን1 ዝርያ መጀመሪያ የተገኘው በ1996 በቻይና ጓንግዶንግ ግዛት በእርባታ ዝይዎች ላይ ነው። በ1997 በሆንግ ኮንግ 18 ሰዎች ያዘ፤ ስድስቱ ሞቱ። ከዚያ በ2005 በቻይናው ቺንግሃይ ሐይቅ በሺዎች የሚቆጠሩ የዱር ወፎችን ጨረሰ። በሽታው ከእኛ በረት ወጥቶ ወደ እነርሱ ነው የሄደው፤ ዛሬ እነርሱ ይዘውት ሲመለሱ የምንደነግጠው የራሳችንን ዕቃ ስንረከብ ነው። ከዶሮ ቤታችን የሚወጣውን ፍግና ሬሳ የትም መጣል ወደ ውጭም እንደሚጎዳ ወረቀቱ ቢጨምር እንዴት ደስ ባለኝ።

ምክንያቱም በባሕር ዳርቻ የሆነው ከእኛ አገር የፈንግል ወሬ ጋር የሚወዳደር አይደለም። በጥር 2021 በሴኔጋል ጁጅ ብሔራዊ ፓርክ 750 ያህል ፔሊካኖች ሞተው ተገኙ፤ ፓርኩም ለጎብኚ ተዘጋ፤ ጀልባ እየቀዘፉና ጎብኚ እየመሩ የሚኖሩ ሰዎችም እንጀራቸው አብሮ ተዘጋ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በደቡብ አፍሪካ ምዕራባዊ ኬፕ ከ20 ሺህ በላይ ኮርሞራንት የሚባሉ ዓሣ አዳኝ የባሕር ወፎች አለቁ። በ2023 ጋምቢያ የታንጂን የወፎች ጥብቅ ስፍራ ዘጋች፤ ታንጂ ሴቶች ዓሣ እያጨሱ፣ ወንዶች መረብ እየጣሉ ከወፎቹ ጋር በአንድ አሸዋ ላይ የሚውሉበት የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ነው። በፔሩ ደግሞ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ከ500 ሺህ በላይ የባሕር ወፎች ሞቱ። የፔሩ ወፎች ኩስ ከጥንት ጀምሮ ከደሴቶቹ እየተዛቀ ለእርሻ ማዳበሪያ የሚሸጥ ሀብት ነው፤ ዓሣ አጥማጁም የዓሣው መንጋ የት እንዳለ የሚያውቀው ወፎቹ የሚወረወሩበትን ቦታ አይቶ ነው። ቫይረሱ በወፎቹ አላበቃም፤ በፔሩና በቺሊ ጠረፎች ከ20 ሺህ በላይ የባሕር አንበሶችንም ገደለ። ልጆች የሚዋኙበት ዳርቻ ሬሳ ተሞላ፤ የባሕሩ ሰው ወደ ውኃው ከመግባቱ በፊት የሚረግጠውን እንዲመርጥ ተገደደ።

በስኮትላንድ ባስ ሮክ በምትባል ደሴት ላይ ጋኔት የሚባል ነጭ የባሕር ወፍ ጎጆ ከጎጆ ተጠጋግቶ ይኖራል። በ2014 ከ75 ሺህ በላይ ጎጆ ተቆጥሮ ነበር፤ በ2023 ወደ 52 ሺህ ወረደ። ከበሽታው የተረፉት ወፎች ምልክት አላቸው፤ ፈዛዛ ሰማያዊ የነበረው ዓይናቸው ጥቁር ሆኗል። ይህን ሳነብ ከፈንግል የተረፉት አምስት ዶሮዎቼ ትዝ አሉኝ፤ አንዷ እስከ ዕለተ ሞቷ አንገቷ ተጣሞ ነው የኖረችው። ይሁንና ልዩነታችን ሰፊ ነው። የእኔ ቦቫንስ በዓመት 300 ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ ካለቀችብኝም ሐሙስ ጠዋት ከከዚራ ሌላ ቄብ አመጣለሁ። ጋኔት በዓመት የምትጥለው አንድ እንቁላል ነው፤ መጣል የምትጀምረውም አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው። ለእርሷ ቄብ የሚሸጥ ቤት የለም። ከስኮትላንድ ሰሜን ምዕራብ ከምትገኘው ከሉዊስ ደሴት የኔስ ሰዎች በየዓመቱ በፈቃድ እስከ 2,000 የጋኔት ጫጩት ድረስ አድነው የመብላት ለዘመናት የኖረ ልማድ ነበራቸው፤ በ2022 በዚህ በሽታ ምክንያት ቀረባቸው። ለዶሮ ወጥ የሚሆን ዶሮ ያጣ የፋሲካ ዋዜማ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው፣ የእነዚያን ሰዎች ጓዳ መገመት አይከብደውም።

ወደ እኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በእስራኤል ሁላ ሸለቆ የደረሰው ነው። በታኅሣሥ 2021 ክሬን የሚባሉት እግረ ረጃጅም ግራጫ ወፎች ከ5,000 በላይ ሆነው ሞቱ፤ በአካባቢው መንደርም ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ጣይ ዶሮዎች እንዲወገዱ ተደረገ። ከአውሮፓ ከሚወርዱት ከእነዚህ ወፎች ከፊሉ የአውሮፓን የብርድ ወራት የሚያሳልፉት በኢትዮጵያ ደጋ ሜዳዎች ነው። የሐኪሙን ካርታ ለሚያናንቁ ደንበኞች ይህን ብቻ ነው የምነግራቸው።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ የእንቁላል ትሪው ነው። መሸጫው ከእኛ ከአርቢዎች እንቁላል ይገዛል፤ እንቁላሉን ተረክቦም ከጥግ ከተከመረው ላይ ባዶ የወረቀት ትሪ አንሥቶ ይመልስልናል። የሚመለሰው ትሪ የእኔ አይደለም፤ ከመልካ ጀብዱ ይምጣ ከገንደ ቆሬ አይታወቅም። ኩስና የተሰበረ እንቁላል ደርቆበት አይቻለሁ። ወረቀት ደግሞ አይታጠብም፤ በረኪና ቢነካው ይበሰብሳል። ደጁ ላይ ጫማዬን በብሩሽ አስፈትጎ ያስገባኝ ቤት፣ ስወጣ የማላውቀውን የሰው ግቢ ኩስ በክንዴ አሳቅፎ ይሸኘኛል ማለት ነው። ለባለቤቷ ነግሬአታለሁ፤ የፕላስቲክ ትሪ ለሁሉም ለማቅረብ ዋጋው እንደከበዳት ገለጸችልኝ፤ እውነቷን ነው ብዬም አምናለሁ። ነገር ግን የወረቀቱን ትሪ መመለስ ማቆም ምንም ወጪ የለውም።

ሁለተኛው የክትባት ብልቃጥ ነው። አንዱ ብልቃጥ ከ100 ዶሮ በላይ የሚከትብ ሲሆን፣ ከተከፈተ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። 40 ዶሮ ላለኝ ለእኔ ለብቻዬ አይከፈትልኝም፤ ስለዚህ የሰፈር አርቢዎችን ሰብስበው በአንድ ማለዳ ከግቢ ወደ ግቢ ይዞራሉ። ዋጋው በዚህ መንገድ ይቀንሳል፤ በሽታ የሚጓዝበትም መንገድ በዚያው ይከፈታል። ሐኪሙ ጫማውን ቢሸፍንም ልብሱ ያው ልብስ ነው። ደንበኞች ይህን ጠይቁ፦ ዶሮ የታመመበት ግቢ ካለ በመጨረሻ እንዲሆን፣ ጤነኞቹ እንዲቀድሙ። እኔ ስጠይቅ ወዲያው ተስማምቶ ተራውን ለወጠ፤ ካልተጠየቀ ግን ለመንገድ በሚመቸው ቅደም ተከተል ነው የሚሄደው።

አንድ ጊዜ በግንቦት ሙቀት መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ስለ ሞቀ፣ ያላቸውን ክትባት በሙሉ አስወግደው ቀጠሮውን ሰረዙ። ኪሳራውን መቀበላቸው የሚመሰገን ነው። እኔ ግን ማንም ስላልደወለልኝ ዶሮዎቼን ዘግቼ እስከ እኩለ ቀን ጠበቅሁ፤ በዚያ ሙቀት የተዘጉ ዶሮዎች አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ ማየት ቀላል አይደለም።

የመጨረሻው የበዓል ሰሞን ነው። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ስሄድ ግቢው በሰው ተሞልቶ፣ ባልዲው ተገልብጦ፣ የሳፋው ውኃ ጭቃ ሆኖ ነበር፤ ሰው ሁሉ በጎኑ እየተሻገረ ይገባል። ዶሮ ከየአቅጣጫው ወደ ከተማ የሚገባበት፣ በየገበያው የሚነካካበት፣ የእኔም ዶሮዎች ያለቁበት ወቅት የበዓል ሰሞን ሆኖ ሳለ፣ ጥንቃቄው የሚላላው በዚያው ሰሞን መሆኑ ያሳዝናል። በር ላይ አንድ ልጅ ለሦስት ቀን ብቻ ቢቆም ይበቃ ነበር።

በእነዚህ ሁሉ ላይ እንኳ በከተማችን ካየኋቸው የዶሮ መሸጫዎች ይህኛውን አስቀድማለሁ፤ ወደፊትም ከዚሁ እገዛለሁ። ቄቦቹ የሚመጡት ሐሙስ ማለዳ ነው፤ ቀድሞ በስልክ መመዝገብና ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል በፊት መድረስ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ፀሐዩ ለመንገድ አይሆንም። የበዓል ዋዜማን አስቀሩት። ካርቶን ከቤታችሁ አታምጡ፤ አዲስ አላቸው። እንቁላል የምትሸጡ ከሆነ ግን ትሪ ከቤታችሁ ያዙ። እኔ ባለፈው ሐሙስ ስድስት የፕላስቲክ ትሪ ገዝቼ ስሜን በቀይ ቀለም ጽፌባቸው ሄድኩ፤ ባለቤቷ እንቁላሉን ወደ ራሷ ሣጥን ገልብጣ ትሪዎቼን ለእኔው መለሰችልኝ፤ ቤት ስደርስም ከበሩ ውጭ በሳሙና አጥቤ በረኪና አለቅልቄባቸው ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው።